ከወሎ ወደ ኦኪናዋ፦ የወታደር ቤተሰብ ከመዛወሩ በፊት ሊያዘጋጀው የሚገባ

ከደሴ፣ ከኮምቦልቻ ወይም ከወልዲያ ወጥቶ በአሜሪካ ጦር ውስጥ የሚያገለግል ሰው ትዳሩን ከአገር ቤት ሲይዝ፣ ሚስቱ የጉዞ ሰነዷን እየጠበቀች ከወላጆቿ ጋር ትቆያለች። በዚህ መሐል የባልየው ምደባ ይለወጥና ቤተሰቡ የሚገናኘው አሜሪካ ውስጥ መሆኑ ቀርቶ በሩቅ ደሴት ላይ ይሆናል። ከእነዚህ ደሴቶች አንዷ ኦኪናዋ ናት። ኦኪናዋ በጃፓን ደቡብ ጫፍ የምትገኝ፣ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ እስከ 1972 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ አስተዳደር ሥር የቆየች፣ ዛሬም የካዴናን የአየር ኃይል ሰፈርና በርካታ የባሕር ኃይል እግረኛ ካምፖችን ያቀፈች ደሴት ናት። ይህ ጽሑፍ ሚስትና ልጆች ገና ወሎ ውስጥ እያሉ እንዲህ ያለ ምደባ ለደረሳቸው ቤተሰቦች የተዘጋጀ ነው።

በእኛ ዘንድ ጉዞ ሲሰማ መጀመሪያ የሚታሰበው ስንቁ ነው። በርበሬ ይቀነጠሳል፣ ሽሮ ይፈጫል፣ እናት ቅቤ ማንጠር ትጀምራለች። እኔ በበኩሌ ይህን ሁሉ ወደ መጨረሻው ወር እንዲያቆዩት እመክራለሁ፤ ምክንያቱም ስንቅ በሳምንት ይሰናዳል፣ የተሳሳተ የልደት ምስክር ወረቀት ግን ወራት ይበላል። ዝግጅቱ መሄድ ያለበት ረጅም ጊዜ ከሚወስደው ወደ አጭሩ ነው።

የአዛዡ ፈቃድ

ጦሩ አንድን አባል ወደ ባሕር ማዶ መደበ ማለት ቤተሰቡን አብሮ መደበ ማለት አይደለም። ሚስትና ልጆች በምደባው ትእዛዝ ላይ በስማቸው ተጠቅሰው እንዲጓዙ የሚያደርገው ኮማንድ ስፖንሰርሺፕ የሚባለው ፈቃድ ነው። ይህ ፈቃድ ሲገኝ የጉዞውን ወጪ መንግሥት ይሸፍናል፣ ልጆች በአሜሪካ መከላከያ ትምህርት ቤቶች ያለ ክፍያ ይማራሉ፣ መኖሪያ ቤትም በቤተሰቡ ልክ ይሰጣል። ፈቃዱ ሳይኖር በራሷ ትኬት የሄደች ሚስት ግን ሕክምናም ሆነ ትምህርት የምታገኘው ቦታ ከተረፈ ብቻ ነው። ስለዚህ አጎቶች ተሰብስበው «ትኬቱን እኛ እንቁረጥላት፣ ሌላው እዚያ ይስተካከላል» ሲሉ፣ ደግነታቸውን አመስግኖ ገንዘቡን ለሌላ ጉዳይ ማቆየት ይሻላል። ከቤተሰብ ጋር የሚደረግ የኦኪናዋ ምደባ አብዛኛውን ጊዜ 36 ወር በመሆኑ፣ ጥቂት ወራት ቆይቶ ፈቃድ ይዞ መሄዱ አያስቆጭም።

ፈቃዱ ከመጠየቁ በፊት ሚስትና ልጆች ዲርስ በሚባለው የጦሩ የቤተሰብ መዝገብ ላይ መስፈር አለባቸው። ለዚህ ሚስት የአሜሪካ ዜጋ መሆን አይጠበቅባትም፤ የጋብቻና የልደት ምስክር ወረቀቶች ከእንግሊዝኛ ትርጉማቸው ጋርና የጸና ፓስፖርት ይጠየቃሉ። በኢትዮጵያ ፓስፖርት የምትጓዝ ሚስት ወደ ጃፓን መግቢያ ምን እንደሚያስፈልጋት ባልየው ከክፍሉ የጉዞ ቢሮ አስቀድሞ ማረጋገጥ ይኖርበታል። የአሜሪካ የመኖሪያ ፈቃድ ያላት ሚስት ደግሞ ከአንድ ዓመት በላይ ከአሜሪካ ውጭ መቆየቷ ያሳስባት ይሆናል። በትእዛዝ ባሕር ማዶ ለሚያገለግሉ አባላት ቤተሰቦች ሕጉ የተለየ አስተያየት ያደርጋል፤ እንዲያውም የዜግነት ማመልከቻን ባሕር ማዶ ሆኖ የማጠናቀቅ መንገድ አለ። ይህን በየሰፈሩ ያለው የጦሩ የሕግ ምክር ቢሮ ያለ ክፍያ ያስረዳል፤ ደላላ አያስፈልግም።

ስምና ቀን

ጉዞ የሚሰናከለው ከሁሉ በላይ እዚህ ላይ ስለሆነ በዚህ ረገድ ረዘም አድርጌ እጽፋለሁ።

የወሎ ሰው ስም ውብ ቢሆንም ለፈረንጅ ቅጽ አይመችም። አባት ሰይድ፣ አያት ወልዴ የሚባሉበት ቤት በእኛ አገር አዲስ ነገር አይደለም፤ ሙስሊሙና ክርስቲያኑ ተጋብቶና ተዋልዶ የኖረበት ምድር ነውና። ቅጹ ግን የመጀመሪያ፣ የመሐልና የቤተሰብ ስም ይጠይቃል። ሚስት በአባቷና በአያቷ ስም ትጠራለች፤ ልጆች በአባታቸውና በአባቱ አባት ስም ይጠራሉ፤ ባልየው ደግሞ በአባቱና በአያቱ። ስለዚህ በአንድ ቤት የሚኖሩ አራት ሰዎች ሦስት የተለያዩ የቤተሰብ ስሞች ይዘው ይቀርባሉ። ይህ በራሱ ችግር የለውም፤ የአሰያየም ሥርዓታችንን የሚገልጽ አጭር ደብዳቤ ከሰነዶቹ ጋር ቢያያዝ መዝጋቢው ይረዳል። ችግር የሚፈጠረው አንዱ ሰነድ የአያትን ስም ሲጥል፣ ሌላው ሲያካትት ነው።

የላቲን አጻጻፉም እንዲሁ ነው። መሐመድ የሚለው ስም ከመጀመሪያው «ኤም» ቀጥሎ በ«ኦ»ም በ«ዩ»ም ይጻፋል፣ መሐል ያለው «ኤም» አንዴም ሁለቴም ይጻፋል፣ ከመጨረሻው «ዲ» በፊትም አንዴ «ኢ» አንዴ «ኤ» ይመጣል። በፓስፖርቱ አንድ ዓይነት፣ በጋብቻ ወረቀቱ ሌላ ዓይነት፣ በትምህርት ቤት ማስረጃው ሦስተኛ ዓይነት ሆኖ ከተገኘ፣ መዝጋቢው ሦስት ሰዎች ናቸው ብሎ ቢጠራጠር አይፈረድበትም። መፍትሔው ፓስፖርቱን መነሻ አድርጎ ሌላውን ሁሉ በእሱ ፊደል ማስተካከል ነው። ለተርጓሚው ሰነዱን ብቻ መስጠት አይበቃም፤ የፓስፖርቱን ቅጂ አብሮ ሰጥቶ «በዚህ ፊደል ይሁንልኝ» ማለት ያስፈልጋል። በሰፈር በአንድ ስም፣ በትምህርት ቤት በሌላ ስም የምትታወቅ ልጅ ካለች፣ ሁለቱም ስሞች የአንድ ሰው መሆናቸውን የሚያረጋግጥ ሰነድ ከአሁኑ ይጠየቅላት።

ቀጥሎ ቀኑ ነው። ጥር 5 ቀን 1987 ዓ.ም. የተወለደች ሴት በፈረንጅ አቆጣጠር የተወለደችው ጃንዋሪ 13 ቀን 1995 ነው። ብዙ ጊዜ የሚታየው ስሕተት ዓመቱ ላይ ሰባት ወይም ስምንት ጨምሮ ወሩንና ቀኑን እንዳለ መተው ነው፤ እንዲህ ሲሆን ጥር 5 ሜይ 5 ተብሎ ይገኛል፣ ጥር አምስተኛው ወር ነውና። በጳጉሜን የተወለደ ልጅ ካለ ደግሞ አሥራ ሦስተኛ ወር የሚቀበል የፈረንጅ ቅጽ ስለማይኖር፣ ጳጉሜን 3 ወደ ሴፕቴምበር 8 መቀየሩን በዓይን ማየት ይገባል። አሜሪካኖች ወርን ከቀን አስቀድመው፣ ጃፓኖች ዓመትን ከሁሉ አስቀድመው ስለሚጽፉ፣ ትርጉሙ ላይ ወሩ በቁጥር መሆኑ ቀርቶ በስሙ ቢጻፍ ከብዙ ጭቅጭቅ ያድናል።

የወሳኝ ኩነት ምዝገባ በመላ አገሪቱ የተጀመረው በ2008 ዓ.ም. መገባደጃ ላይ በመሆኑ፣ ከዚያ በፊት የተወለዱ ብዙዎች የልደት ምስክር ወረቀት የሚያወጡት ገና ሲያስፈልጋቸው ነው። ጋብቻውም ቢሆን በኒካሕ ወይም በቁርባን ተፈጽሞ ሳይመዘገብ የቆየ ከሆነ፣ ሽማግሌዎቹና ምስክሮቹ በሕይወትና በአካባቢው ሳሉ በቀበሌው የወሳኝ ኩነት ጽሕፈት ቤት ማስመዝገብ ያስፈልጋል። የሠርግ ፎቶ ያስረዳል እንጂ የምስክር ወረቀትን አይተካም። ወረቀቱ እጅ ላይ ሲገባ እዚያው መስኮቱ ፊት ቆሞ ፊደል በፊደል ማንበብ ነውር አይደለም። ከደሴ አዲስ አበባ 400 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ለማረጋገጫ ማኅተም ውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር ደርሶ ስሕተት ማግኘት ማለት ያንን መንገድ ተመልሶ እንደገና መጀመር ማለት ነው።

ጤናና ክትባት

ቤተሰቡ ከመፈቀዱ በፊት የእያንዳንዱ ሰው የጤና ታሪክ ይመረመራል፤ ዓላማው በደሴቲቱ ያለው ሕክምና ለቤተሰቡ ይበቃል ወይ የሚለውን ማጣራት ነው። ኦኪናዋ በካምፕ ፎስተር ትልቅ የባሕር ኃይል ሆስፒታል አላት፤ ሆኖም ልዩ ሐኪም የሚፈልግ ሕመም ሁሉ እዚያ ይታከማል ማለት አይደለም። በእኛ አገር የልጅን ሕመም፣ በተለይም የሚጥል በሽታን፣ ለባዕድ አለመንገር እንደ ጥበብ ይቆጠራል። እዚህ ላይ ግን መደበቅ ልጁን ይጎዳዋል፤ መድኃኒቱ ወደሌለበት ደሴት ሄዶ መመለስ ከመጀመሪያው ሌላ ምደባ ከመጠየቅ እጅግ የከፋ ነው።

የልጆች የክትባት ካርድ ከጠፋ፣ ከተከተቡበት ጤና ጣቢያ መዝገብ ላይ ተፈልጎ በማኅተም ይጻፍ። በእኛ አገር የኩፍኝ ክትባት ለረጅም ጊዜ ብቻውን ሲሰጥ የቆየ ስለሆነ፣ ትምህርት ቤቶቹ ከኩፍኝ ጋር የጆሮ ደግፍንና የሩቤላን፣ እንዲሁም የጉድፍን ክትባት መጠየቃቸው አያስደንቅ። ሌላው ማስታወስ የሚገባው የሳንባ ነቀርሳ ምርመራ ነው። ሲወለዱ የነቀርሳ መከላከያውን ቢሲጂ የተከተቡ ልጆች በቆዳ ሥር በሚደረገው ምርመራ በሽታው ሳይኖርባቸው ክንዳቸው ሊያብጥ ይችላል፤ እናትየው የክትባቱን ጠባሳ አሳይታ በደም የሚደረገው ምርመራ እንዲደረግላቸው ብትጠይቅ አላስፈላጊ ድንጋጤ ይቀራል።

መድኃኒት ይዞ መግባትን በተመለከተ ጃፓን ጥብቅ ናት። በሐኪም የታዘዘ መድኃኒት ለአንድ ወር የሚበቃ ከማዘዣው ጋር ይያዛል፤ አምፌታሚን ያለባቸው መድኃኒቶች ግን ሐኪም ቢያዝም አይገቡም፤ ሱዶኤፌድሪን የበዛባቸው የጉንፋን ክኒኖችም እንዲሁ።

ትምህርት

በደሴቲቱ ያሉት የመከላከያ ትምህርት ቤቶች ከአፀደ ሕፃናት እስከ 12ኛ ክፍል ያስተምራሉ፤ ካዴናና ኩባሳኪ የሚባሉ ሁለት የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶችም አሉ። ዓመቱ የሚጀመረው በነሐሴ አጋማሽ ግድም ነው። ከወሎ የሚወሰደው የየክፍሉ ውጤት በእንግሊዝኛ ተጽፎ ማኅተም ያረፈበት ማስረጃ ሲሆን፣ ለእንግሊዝኛ ጀማሪዎች የተለየ የቋንቋ ድጋፍ ስላለ ልጁ አንድ ክፍል ዝቅ እንዲል ወላጅ ራሱ መጠየቅ የለበትም። አማርኛ ንባብ የጀመረ ልጅ ፊደሉን እንዳይረሳ የክፍሉን የአማርኛ መማሪያ መጻሕፍት ሻንጣው ውስጥ መክተት ግን የወላጅ ድርሻ ነው።

ምን ይያዝ፣ ምን ይቅር

ጦሩ የቤት ዕቃ የሚያጓጉዘው በማዕረግ በተወሰነ ክብደት ነው፤ ለምሳሌ ቤተሰብ ያለው የኢ-5 ማዕረግ አባል 9,000 ፓውንድ ማለትም 4,000 ኪሎ ያህል ይፈቀድለታል፤ ትእዛዙ ላይ ከዚህ ያነሰ ገደብ ተጽፎ እንደሆነም ማየት ይገባል። ነገር ግን ይህ የሚሠራው በዋነኛነት ባልየው ከሚለቀው ሰፈር ለሚነሣው ዕቃ ነው። ከደሴ የምትነሣው ሚስት በአውሮፕላን ሻንጣዋ ልክ ብታስብ ይሻላታል።

የኤሌክትሪክ ምጣዱ ይቅር። ይህን ስል እናቶች እንደሚከፋቸው አውቃለሁ፤ ምክንያቱን ላስረዳ። የእኛ ምጣድ የተሠራው ለ220 ቮልት ሲሆን የጃፓን ቤት ኤሌክትሪክ 100 ቮልት ነው። የምጣዱ ሙቀት የሚቀንሰው በቮልቱ ልክ ብቻ አይደለም፤ ቮልቱ ከግማሽ በታች ሲወርድ ኃይሉ ወደ አንድ አምስተኛ ይወርዳል፤ 3,000 ዋት የነበረው ምጣድ 620 ዋት ገደማ ብቻ ያመነጫል። በዚህ ሙቀት ሊጡ ይደርቃል እንጂ ዓይን አያወጣም። ያንን ምጣድ የሚሸከም መቀየሪያ ትራንስፎርመር ደግሞ ከምጣዱ ይከብዳል፣ የቤቱ መስመርም ላይችለው ይችላል። የሚያዋጣው አሜሪካ ውስጥ ለ120 ቮልት የተሠራ ሰፊ የኤሌክትሪክ መጋገሪያ ባልየው ገዝቶ ከዕቃው ጋር እንዲልክ ማድረግ ነው። በጦር ሰፈሩ ቤቶች ባለው የአሜሪካ መስመር ላይ በሙሉ ኃይሉ ይሠራል፤ ከሰፈሩ ውጭ ባለው 100 ቮልት ላይም ከኃይሉ ሰባ በመቶ ያህሉን ስለሚሰጥ፣ ትንሽ ታግሦ አሙቆ መጋገር ይቻላል። የጤፍ ዱቄት አሜሪካ ያሉ ዘመዶች በጦሩ ፖስታ በአሜሪካ የአገር ውስጥ ዋጋ ሊልኩ ስለሚችሉ ከወሎ መሸከም አያስፈልግም። አክንባሎና ሰፌድ ግን ከዚህ ይሂዱ፤ የሐይቅ ወይም የደሴ ገበያ ሰፌድ ሻንጣ አያከብድም።

ቋንጣ ፈጽሞ አይያዝ። ጃፓን ሥጋን፣ ደርቆም ቢሆን፣ ያለ መንግሥት የምርመራ ወረቀት አታስገባም፤ ቅጣቱም ቀላል አይደለም። ቡና ጥሬው የዕፅዋት ጤና ወረቀት ስለሚጠየቅበት ተቆልቶ ይሂድ። ለቡና ሥርዓቱ ሲባል ጥሬ ቡና ካልተቆላ የምትል እናት ካለች፣ ይህ ወረቀት አስቀድሞ ይውጣ። ዘር፣ ጤና አዳምና በሶብላ ከነሥራቸው ይቅሩ። የሚያዘው ምግብ ሁሉ በጉምሩክ ቅጹ ላይ ይሞላ፤ ያልተጻፈ ነገር መገኘቱ ከተጻፈው ይብሳል።

ጫትን በተመለከተ አንድ ቅጠል እንኳ በሻንጣም ሆነ በኪስ እንዳይገኝ፣ ሸኚ ዘመድም በስንቅ መካከል እንዳይሸጉጥ ይነገር። እርጥብ ጫት ውስጥ ያለው ካቲኖን በአሜሪካ ሕግ ከባድ ከሚባሉት የተከለከሉ ዕፆች ተርታ ነው፤ ጉዳዩ የተጓዡ ብቻ ሳይሆን የባልየውን ማዕረግና እንጀራ የሚነካ ነው።

ደሴ ከ2,400 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ያለች ብርዳም ከተማ ስትሆን ኦኪናዋ በባሕር ወለል ላይ ያለች፣ ወበቋና እርጥበቷ የሚያይል ደሴት ናት። በዚያ እርጥበት ጋቢና የሐበሻ ቀሚስ ቁም ሣጥን ውስጥ ተጣጥፈው ሲከርሙ ሻጋታ ያበቅላሉ። ስለዚህ ለክብር አንድ አንድ ይያዝ፣ ሌላው ለእኅት ይተው፤ የሄደውም አየር በማያስገባ ከረጢት እርጥበት ከሚመጥ ነገር ጋር ይቀመጥ። በርበሬና ሽሮም ማቀዝቀዣ ውስጥ እንጂ ጓዳ ውስጥ አይከርሙም። ዕጣንና ከሰል በተመለከተ፣ የሰፈሩ ቤቶች የጭስ ጠቋሚ ስላላቸው ቡናው በኤሌክትሪክ ምድጃ ይፈላል፣ ዕጣኑም በጥቂቱ ይጨሳል። ለሰጋጆች ደግሞ፣ ከደሴ መካ በቀጥታ ወደ ሰሜን ስትሆን ከኦኪናዋ ግን ወደ ምዕራብ፣ ትንሽ ወደ ሰሜን ያዘነበለች ናት።

ወሎ ላይ የሚቀረው

ቤት፣ ይዞታ ወይም የባንክ ሒሳብ ያላት ሚስት ለምታምነው ሰው የውክልና ሥልጣን የምትሰጠው ከመሄዷ በፊት ነው። ከሄደች በኋላ ያንኑ ሰነድ ለማዘጋጀት ቶኪዮ ባለው የኢትዮጵያ ኤምባሲ በኩል ማለፍ ይኖርባታል፤ ቶኪዮ ደግሞ ከኦኪናዋ በአውሮፕላን ከሁለት ሰዓት በላይ ነው። ውክልናው ለምን ለምን እንደሆነ በዝርዝር ይጻፍ፤ ለመሸጥ ካልተፈለገ «መሸጥ» የሚለው ቃል አይግባ። የቅሬ መዋጮም አይዘንጋ። ሦስት ዓመት ያልከፈለ ሰው ሐዘን ሲመጣ ቤተሰቡን ያሳፍራልና፣ ስሙን ሳይሰርዝ መዋጮውን በየወሩ የሚከፍልለት ወንድም ወይም ጎረቤት ለቅሬው ዳኛ በይፋ ቢያሳውቅ ይመረጣል።

የመሸኛ ዱዓውና ምርቃቱ የሚያዝበት ቀን ከትእዛዙ ጋር መስማማት አለበት። ባልየው ሪፖርት የሚያደርግበት የመጨረሻ ቀን በትእዛዙ ላይ የተጻፈ በመሆኑ፣ መውሊዱ ወይም ማኅበሩ እስኪያልፍ ተብሎ የሚገፋ አይደለም። ለአያት ይህን ቀደም ብሎ ማስረዳት የልጅ ልጅ ሥራ ነው።

ከደረሱ በኋላ

ቤት እስኪገኝ ቤተሰቡ ማረፊያ ውስጥ ይቆያል፤ ለዚህም እስከ 60 ቀን ሊደርስ የሚችል ጊዜያዊ አበል አለ፣ ደረሰኝ ሁሉ ይጠበቅ። በኦኪናዋ መኪና የሚነዳው በመንገዱ ግራ ስለሆነ፣ በኢትዮጵያ መንጃ ፈቃድ የነዳችም ብትሆን በሰፈሩ ፈተና ወስዳ የጦሩን መንጃ ፈቃድ እስክትይዝ መሪ አትጨብጥ። ለእግረኛም ቢሆን መንገድ ሲሻገር መጀመሪያ የሚታየው ቀኝ ነው፤ ልጆችን ይህን ደጋግሞ ማለማመድ ያስፈልጋል።

ከሰኔ እስከ ኅዳር የአውሎ ነፋስ ወቅት ነው። ሰፈሮቹ ቲኮር በሚባሉ ደረጃዎች ያስጠነቅቃሉ፦ አራት ማለት 50 ኖት ወይም በሰዓት 93 ኪሎ ሜትር ያህል የሚነፍስ ነፋስ በ72 ሰዓት ውስጥ ሊደርስ ይችላል፣ ሦስት በ48፣ ሁለት በ24፣ አንድ በ12 ሰዓት ውስጥ ማለት ነው። ደረጃ ሦስት ላይ ሲደርስ ከበረንዳ የሚነሣው ሁሉ፣ የተሰጣ በርበሬም ሆነ የልጅ ብስክሌት፣ ወደ ቤት ይግባ፤ ውኃ በጀሪካን ይሞላ፣ ስልኮች ይሞሉ፣ እንጀራ ቀድሞ ይጋገር። ቤቶቹ በአብዛኛው በኮንክሪት የተሠሩ በመሆናቸው ቤት ውስጥ የተቀመጠ ሰው እምብዛም አያሰጋውም፤ መብራት ግን ሊጠፋ ይችላል።

ደሴ ያሉት ወላጆች ይህን ከቴሌቪዥን ሲሰሙ ልጃቸው ስልክ ካላነሣች ሌሊቱን አይተኙም። ስለዚህ ደረጃ ሁለት ሲታወጅ ለአንድ ሰው ብቻ፣ ለምሳሌ ለታላቅ ወንድም፣ «ቤት ነን፣ መብራት ከጠፋ እስከ ነገ አትጠብቁን» የሚል መልእክት እንደሚላክ፣ እሱም ለሌሎቹ እንደሚያደርስ ከመሄዳቸው በፊት ይስማሙ። ሰዓቱን ለማስላት መቸገር አያስፈልግም። ኦኪናዋ ከኢትዮጵያ በ6 ሰዓት ትቀድማለች፣ የእኛ ሰዓት አቆጣጠርም ከእነሱ በ6 ሰዓት ስለሚለይ፣ ሁለቱ ይጣፋሉ፤ ኦኪናዋ ቤት ግድግዳ ላይ ያለው ሰዓት ከቀትር በኋላ 3 ሲል ደሴ ከጠዋቱ 3 ሰዓት ነው፣ እዚያ ከምሽቱ 8 ሲል እዚህ ከቀኑ 8 ሰዓት ነው። ሁለቱም አገሮች ሰዓታቸውን በክረምትና በበጋ ስለማይለውጡ ይህ ዓመቱን በሙሉ አይዛነፍም፤ ለመደወል የሚመቸው እዚያ ልጆቹ ከትምህርት ቤት ተመልሰው፣ እዚህ ቁርስ ተበልቶ የመጀመሪያው ቡና የሚፈላበት ሰዓት ነው።